ከአሪቲው ወዲያ

«እሱ አረም ነው፤ ይነቀላል። ሴትዮዋም ብትሆን እስከ ኅዳር ብቻ ናት። አንበሳሜ ከተማ እህት አለቻት፤ ወደዚያ ትሄዳለች።»

ውዴ ይህን የሰማችው በጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ጧት፣ ከሦስተኛው የኪራይ ክፍል ጀርባ ጎንበስ ብላ አሪቲ ስታጭድ ነው። ተናጋሪዋ የወንድሟ ሚስት ቤዛዊት ናት፤ ከመስኮቱ ወዲያ ሆና ክፍል ሊከራይ ለመጣ ወጣት ቤቱን ታሳያለች። ማጭዷ እጇ ላይ ቀረች። ውዴ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ባል አግብታ ከቆየችበት አራት ዓመት በቀር ዕድሜዋን የጨረሰችው በዚህ ግቢ ውስጥ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ብዙ ተብላለች፤ ፈት ተብላለች፣ መካን ተብላለች፣ ቅጠል በጣሽ ተብላለች። «እስከ ኅዳር ብቻ» ግን ተብላ አታውቅም። ከሁሉ ያንገበገባት ደግሞ ተራው ነው፤ መጀመሪያ አረሙ፣ ቀጥሎ እሷ። አንበሳሜ ያለችው እህቷም ብትሆን ሰባት ልጅ በሁለት ክፍል ይዛ የምትኖር ሴት ናት፤ እሷንም የጠየቃት ሰው ያለ አይመስልም።

ወጣቱ ሰሎሞን ይባላል፤ ከጋይንት ተዛውሮ የመጣ የባንክ ሠራተኛ ነው። ጠንቃቃ ነው። የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ክፍል አይቶ ዝም ብሎ ወጥቷል። ለምን ዝም እንዳለ ውዴ ታውቃለች፤ በሁለቱ ክፍሎች ግድግዳ ላይ፣ ከአልጋ ከፍታ ጀምሮ፣ ቀጫጭን ቡናማ መስመሮች አሉ። ትኋን በጣት ተዳምጦ የተጎተተበት ነው። እያንዳንዱ ተከራይ ያደረበትን ሌሊት ያህል ጽፎበት ሄዷል። ሦስተኛው ክፍል ግን ንጹሕ ነው።

«ይኸኛው ጥሩ ይሸታል» አለ ሰሎሞን።

«ቀለሙ ነው» አለች ቤዛዊት።

ቀለሙ ከተቀባ አራት ዓመቱ ነው። አራት ዓመት የሚሸት ቀለም ቢኖር ኖሮ ሰው ሁሉ ሽቶውን ትቶ ቀለም ይቀባ ነበር። ሽታው የሚመጣው ከሁለት በኩል ነው። ከመስኮቱ ሥር የውዴ በሶብላና አሪቲ አለ። ከደጃፉ አጠገብ ደግሞ፣ ከሁለተኛው ክፍል ጋር በሚጋራው ግድግዳ ሥር፣ የወለሉ ሊሾ ተሰንጥቆ ከስንጥቁ አመድማ ለስላሳ ቅጠል ያለው ቡቃያ ወጥቷል። አረም የተባለው እሱ ነው። ቤዛዊት በየክረምቱ ትነቅለዋለች፤ በየመስከረሙ ተመልሶ ይመጣል። ሰሎሞን ክፍሉን ወደደው፤ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ዕቃዬን ይዤ እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

የውዴ ጓሮ ዐሥር እርምጃ በስድስት ቢሆን ነው። በጎመኑ መሐል መሐል ነጭ ሽንኩርት አለ፤ ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል መጣጭ ተባይ ነጭ ሽንኩርት የሸተተውን ጎመን አይወድም። ከምትኖርበት ከእናቷ አሮጌ ጓዳ በር ግራና ቀኝ ጤና አዳም፣ ከአጥሩ ጥግ ዳማከሴ። ከሁሉ ፊት ግን አንድ ረድፍ አሪቲ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆሟል። ቁንጫም፣ ትኋንም፣ ነቀዝም አሪቲን እንደ ነገረኛ ጎረቤት ይሸሹታል። አሠራሩን የተማረችው ከእናቷ ነው። ጤዛው ሲደርቅ፣ አበባ ሳያወጣ ይታጨዳል፤ በቃጫ ታስሮ በጥላ ይሰቀላል፤ ፀሐይ ካየው ሽታው ይሄዳል፤ ከፍራሽ ሥር ከገባ በኋላ በየዐሥራ አምስት ቀኑ ይለወጣል። አይገድልም፤ ያባርራል። እናቷ ወይዘሮ እመቤቴ «ነፍስ አላጠፋንም፤ መንገድ ነው ያሳየነው» ትል ነበር።

ባለፈው ሳምንት ወንድሟ ይሻው በዚህ ጓሮ ውስጥ አራት ችካል ተክሎ ገመድ ወጥሯል። ገመዱ ከሦስተኛው ክፍል ግድግዳ ተነሥቶ፣ አሪቲውን አቋርጦ፣ ጎመኑን አቋርጦ፣ በጓዳዋ በር ፊት አልፎ እስከ አጥሩ ይደርሳል። ውዴ አይታዋለች። አልጠየቀችም፤ እሱም አልተናገረም። እህትና ወንድም ሳምንቱን ሙሉ ያችን ገመድ እየተራመዱ «እንዴት አደርሽ እታለም»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲባባሉ ሰነበቱ። እናታቸው ያሳደገቻቸው «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያለች ነው። ዝንብስ አልገባም፤ አራተኛ ክፍል ግን ሊገባ ነው። ሦስተኛውም የገባው እንዲሁ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ይሻው «እታለም፣ ለጊዜው አሪቲውን ትንሽ ፈቀቅ አድርጊልኝ» አላት። ወንድሟ ነው፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሊገቡ ነው። ቅርንጫፍ ቅርንጫፉን ቆርጣ ስድስት እርምጃ ወደ ኋላ ወስዳ ተከለችው። አሪቲ በቅርንጫፉ ይይዛል። አሮጌውን ሥር ለመንቀል ግን ጉልበቱም አልነበራት፤ ሊሾው በላዩ ፈሰሰበት።

ነጠላዋን አጣፋች፤ ሰሞኑን በጥላ ካደረቀችው ዐሥራ ስምንት እስር አሪቲና ስድስት እስር ጤና አዳም በቅርጫት ይዛ ወጣች። ቤዛዊት በር ላይ አገኘቻት።

«እንዴት አደሩ፣ እትዬ ውዴ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አይጥፉ። ቄስ ጥበቡና አያ በላይነህ ይመጣሉ፤ ይሻው የሚያነሣው ነገር አለው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ውዴ። ለሁለቱም የሚሆን መልስ እሱ ብቻ ነበር። ቤዛዊት ትንሿን ልጇን ታቅፋ ነበር፤ የልጅቱ ክንድ ከእጅ አንጓዋ እስከ ብብቷ በቀያይ ነጠብጣብ ተሞልቷል። ውዴ ያንን ስታይ ለልጅቱ አዘነች፤ መናደዷ ግን አልቀነሰም። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሆድ ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

የቅዳሜው ገበያ ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ይሞቃል። ውዴ የምትቀመጠው ከሽንኩርት ሻጮቹና ከፕላስቲክ ጫማ ነጋዴዎቹ መካከል፣ ማንም በማይፈልገው ቁልቁለት ላይ ነው። አንድ እስር አሪቲ ሃያ ብር። ጃንጥላ የያዘች አንዲት የከተማ ሴት «ለቅጠል ሃያ ብር?» አለቻትና እንደ መሳቅ አለች። ውዴ በሌላ ቀን ቢሆን ዝም ትል ነበር። ዛሬ ግን «ለትኋን መርጫው ስምንት መቶ ሲከፍሉ ለምን አልሳቁም?» አለቻት። ሴትዮዋ ሳትገዛ አንገቷን ሰብቃ ሄደች። ስለ መርጫው ውዴ በደንብ ታውቃለች። ይሻው ዘንድሮ ብቻ ሦስት ጊዜ አስረጭቷል። ለሳምንት ግቢው ሁሉ ሲያስል ይሰነብታል፣ ከዚያ ትኋኑ ከግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ እንደ ተመላሽ ዘመድ አንድ ሁለት እያለ ይወጣል።

አምስት ሰዓት ላይ ወርቅነሽ መጣች። ወርቅነሽ ከጋፋት የምትመጣ ባላገር ናት፤ በየዓመቱ በጥቅምት፣ አዲሱ ገብስ ሳይገባ፣ ጎታዋን ጠርጋና ለቅልቃ ከሥሩ የምታነጥፈውን አሪቲ ከውዴ ትወስዳለች። በዚህ ቅጠል ላይ የተቀመጠ ባቄላ እስከ ሚያዝያ ሳይነቅዝ እንደቆየላት ለሰማም ላልሰማም ትናገራለች። ዛሬ ግን እስሮቹን ከመምረጥ ይልቅ የውዴን ፊት ታይ ጀመር።

«ምነው? ሰው አስቀየመሽ እንዴ?»

ውዴ ነገረቻት። ከነገረቻት በኋላ ለሌላ ሰው ስለ ወንድሟ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ መሆኑ ታወቃት፤ አፈረች፤ ግን ቀለላት።

«እናትሽ ሳትናዘዝ ነው የሞተችው?» አለች ወርቅነሽ።

«ተናዝዛለች እንጂ። ለቄስ ጥበቡ፣ እኔም ይሻውም ባለንበት። ‹ከአሪቲው ወዲህ የይሻው፣ ከአሪቲው ወዲያ የውዴ› ብላ ነው የተናዘዘችው። ስምንት ዓመት ሆናት።»

«እና?»

«እናማ፣ አሪቲውን ራሴው አነሣሁላቸው።»

ወርቅነሽ አንሥታ የነበረውን እስር ወደ ቅርጫቱ መለሰች። «ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አሥራ ሁለት ሆና አንድ ነብር ፈጃት» አለች። «እኔም የባሌ ወንድም ድንበር ሲገፋብኝ በሌሊት ድንጋዩን ነቅሎ ወሰደው። ድንጋይ እንደሆነ ተነቅሎ ሲሄድ ምልክት አይተውም። የአንቺ ግን ድንጋይ አይደለም። ሥሩንም ነቅለሽዋል?»

ውዴ አራት ዓመት ሙሉ፣ ቤዛዊት ያን ቡቃያ በየክረምቱ ስትነቅል እያየች አንድ ቀን እንኳ እናቷን አላሰበችም። ሥሩን ማንም አልነቀለውም። የእናቷ አሪቲ የነበረበት ቦታ ላይ እንዳለ ነው። ሦስተኛው ክፍል ከአሪቲው ወዲያ ነው። ከዚያ የጧቱ ቃል ትዝ አላት፤ «እሱ አረም ነው፤ ይነቀላል»። ተከራዩ በአሥራ አንድ ሰዓት ይመጣል፤ ቤዛዊት ደግሞ ያልጠረገችው ቤት ውስጥ እንግዳ የምታስገባ ሴት አይደለችም። ቅርጫቱን እንዳለ ለወርቅነሽ ትታ ተነሣች። በዚያ ዕድሜዋ ገበያውን በሩጫ ስታቋርጥ ያዩ ሽንኩርት ሻጮች ቤት የተቃጠለባት መስሏቸው «እግዚኦ» አሉ።

ስትደርስ የሦስተኛው ክፍል በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወለሉ በኦሞ ታጥቦ ገና አልደረቀም። ስንጥቁ ባዶ ነው። ቡቃያው ደጅ፣ ከጥራጊው ክምር ላይ፣ ሥሩ ተበጥሶ ወድቋል። ውዴ አነሣችው፤ ጠውልጎም ይሸታል። የተቆጣ ሰው መጮህ አለበት፤ እሷ ግን ቡቃያውን በመቀነቷ ሸጉጣ ማጭዷን ከጓዳ አመጣችና እጇን ታጥባ ሽማግሌዎቹን ጠበቀች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገቡ። ቄስ ጥበቡ የቤተሰቡ የነፍስ አባት ናቸው፤ ለስለስ ያሉ፣ ጠብ የማይወዱ፣ ጠብ ካለበት ቤት ይልቅ ዝክር ያለበትን ቤት የሚመርጡ ሰው ናቸው። አያ በላይነህ ማዶ ቤት ያሉ እህል ነጋዴ ናቸው። ሁለቱንም ይሻው ከባሕር ዳር በጭነት ያስመጣው ቀይ ሶፋ ላይ አስቀመጣቸው። ሶፋው ዳንቴል ለብሷል። ውዴ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ቤዛዊት ጠላ ቀድታ ከግድግዳው ተጠግታ ቆመች። ይሻው ነጠላውን አደግድጎ ተነሣ፤ ሲናገር የሚያየው ምንጣፉን ነበር።

«ነገሩ እንዲህ ነው አባቶቼ። እታለምን የሚያስከፋ ነገር እኔ አልወድም። ግን ተከራይ አይበረክትልኝም፣ ልጆቼም ተበልተው አለቁ። ትኋኑ ከእሷ ጓዳ እየሸሸ ወደኛ ይመጣል። በቅጠሏ እየነዳች ታስገባብናለች። አንበሳሜ እህታችን ዘንድ ብትቆይ፣ እኔ ቀለብ እልካለሁ። ቦታውንም አራተኛ ክፍል እሠራበታለሁ።»

በደቡብ ጎንደር ከብት ነዳህብኝ ተብሎ የተከሰሰ ሰው ሞልቷል። ትኋን ነዳሽብን ተብላ የተከሰሰች ግን ውዴ የመጀመሪያዋ ሳትሆን አትቀርም። መሳቅ አማራት፤ ሳቁ ጉሮሮዋ ላይ ሲደርስ ወደ ቁጣ ተለወጠ።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አለች። «ለእናንተስ ቅጠል አላሰርኩም? ሁለት ዓመት ሙሉ በየዐሥራ አምስት ቀኑ በራችሁ ላይ አላኖርኩም? የት አደረሳችሁት?»

ይሻው ወደ ሚስቱ ዞረ። ቤዛዊት ቀስ ብላ፣ «ቤቱን የባላገር ጎታ አስመሰለው። እንግዳ ይመጣብኛል» አለች። የሚያሳፍር መልስ መሆኑ ለራሷም ገብቷት ይሆናል፤ ጠላ ልትቀዳ ወደ ጓዳ ገባች፤ ብርጭቆዎቹ ግን ሙሉ ነበሩ።

ትኋን በቀን አይወጣም የሚሉ ሰዎች የይሻውን ሶፋ አያውቁትም። መጀመሪያ አያ በላይነህ እግራቸውን ከእግራቸው ላይ አነሡ። ቀጥሎ ቄስ ጥበቡ እጃቸውን ቀስ አድርገው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱና የሆነ ቦታ ላይ አቆዩት። ነገር ሊያይ የተቀመጠ ሽማግሌ ሰውነቱን አያክም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሽማግሌዎች ፊታቸውን እንዳኮሰተሩ፣ በየተራ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተመቻቹ፣ ስለ ሰላምና ስለ ቤተሰብ ፍቅር ትንሽ ተናገሩ። አንዴ የቄሱ ቃል መሐል ላይ ተቋረጠ፤ ዓይናቸው ፈጠጠ። በመጨረሻ «ጉዳዩን በቦታው ብናየው አይሻልም?» አሉና ከዕድሜያቸው በፈጠነ አነሣስ ተነሡ። አያ በላይነህ ግን ቀድመዋቸው በሩ ላይ ደርሰው ነበር።

ጓሮው ውስጥ፣ በጎመኑና በአሪቲው መካከል ቆመው፣ ሁለቱም ዘወር እያሉ በደንብ አከኩ። ውዴ እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው። ቄስ ጥበቡ መስቀላቸውን አስተካክለው፣ «ውዴ ልጄ» አሉ፣ «ለሰላም ሲባል የሚተው ነገር አለ። አንቺ ታላቅ ነሽ፤ ትንሽ ጊዜ…»

ውዴ የነፍስ አባቷን ንግግር አቋርጣ አታውቅም። አቋረጠች።

«አባቴ፣ እናቴ ስትናዘዝ ምን አለች?»

ከአጥሩ ውጭ ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ። ይሻው የገመዱን ችካል በጫማው ጫፍ ይነካካ ነበር፤ አቆመ። ቄስ ጥበቡ መስቀላቸውን አገላብጠው አዩት።

«‹ከአሪቲው ወዲህ የይሻው፣ ከአሪቲው ወዲያ የውዴ› ብላለች» አሉ።

«ስምንት ዓመት ምነው ዝም አሉ?»

«የጠየቀኝ የለም።»

«የለም። እኔም አልጠየቅሁም። ጥፋቱ የጋራ ነው፤ ዛሬ ግን ጠየቅሁ።»

ይሻው ትንፋሹ መለስ አለ። እንዲያውም ፈገግ ያለ መሰለ። «እኔስ መቼ ካድኩ?» አለ፤ በእጁም ከእህቱ ጓዳ ፊት ያለውን ረድፍ አሳየ። «አሪቲው ያውና። ከዚያ ወዲህ የኔ ነው። ከዚያ ወዲያ የቀረችው ጓዳዋ ብቻ ናት፤ ስለ እሷ መነጋገር አያቅተንም።»

ውዴ ማጭዷን ይዛ ወደ ሦስተኛው ክፍል ገባች። ሽማግሌዎቹ ምን ልትሆን ነው ብለው ተከተሏት። ተንበርክካ የማጭዱን ጫፍ በስንጥቁ ውስጥ ከተተችና በሁለት እጇ ወደ ላይ ሳበችው። ቤዛዊት ከኋላ «ሊሾውን! ኧረ ሊሾውን!» ብላ ጮኸች። ሊሾው ሁለት ጣት እንኳ አይወፍርም፤ ይሻው ሲሚንቶ እየቆጠበ ነው ያሠራው። እንደ ደረቀ ቂጣ ተሰብሮ ተነሣ። አንድ ቁራሽ፣ ሌላ ቁራሽ፣ ሦስተኛ። የውዴ ጣት ተቆርጦ ደማ፤ አላቆመችም። ከሥሩ ጥቁሩ አፈር ወጣ፤ ከአፈሩ ውስጥ አውራ ጣት የሚያህሉ እንጨት የሆኑ ሥሮች፣ አንዱ ካንዱ አንድ ስንዝር እየተራራቁ፣ ግድግዳውን ተከትለው ቀጥ ብለው ተሰልፈው ታዩ። አንደኛው ጫፉ ላይ አዲስ ነጭ ስባሪ አለው። ውዴ ከመቀነቷ የጠወለገውን ቡቃያ አውጥታ ስባሪው ላይ አጋጠመችው። ገጠመ። ክፍሉ በሽታው ተሞላ፤ የእናቷ ቀሚስ፣ የእናቷ ትራስ ሁልጊዜ የሚሸተው እንዲህ ነበር። ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ማልቀሷ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

«ይኸን ማን ተከለው፣ ይሻው?»

ይሻው በሩ ላይ ቆሟል። ከአርባ ዓመት በፊት ቁንጫ ሲያስቸግረው እናቱ በዚህ ቅጠል ሰውነቱን እያሸች ታስተኛው የነበረ ሰው ነው። ሊዋሽ አፉን የከፈተ ይመስላል። ሽታው ግን ቀድሞት ገብቶ ነበር።

«እምዬ» አለ።

አያ በላይነህ ጎንበስ ብለው ሥሩን ነካ ነካ አድርገው እጃቸውን አሸተቱ። ቄስ ጥበቡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሽማግሌ እውነቱ ሲወጣ የሚለው አንድ ነገር አለ፤ እሱኑ አሉ። ነገር በእርጋታ ነው፤ ቁጣው ይብረድ፤ ለሚመጣው ቅዳሜ ይቀጠር፤ እስከዚያ ሁሉም ባለበት ይቆይ።

«እኔ ባለሁበት አልቆይም» አለች ውዴ። «ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚህ ቤት ሰው ሊገባበት ነው። ቅዳሜ እስኪመጣ የሰው ዕቃ ተደርድሮበት ይቆየኛል።»

«ውዴ! ሽማግሌ እያለ እምቢ ማለት ያስንቃል» አሉ አያ በላይነህ።

«አልናቅኋችሁም። ቅዳሜ ስትመጡ የማስቀምጣችሁ እዚሁ ክፍል ነው። በርጩማ አዘጋጃለሁ፤ ትኋን የለበትም።»

አያ በላይነህ ለመቆጣት ፊታቸውን አዘጋጅተው ነበር፤ አንገታቸው ሥር በላቸውና እጃቸው ወደዚያ ሄደ። ቄስ ጥበቡ ዘወር ብለው ወደ ሰማይ አዩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳቅም ሊሆን ይችላል። ተሰናብተው ሲወጡ ወደ ሶፋው የተመለሰ አልነበረም።

ውዴ ከጓዳዋ ፍራሿን በጀርባዋ ተሸክማ ወጣች። የረዳት የለም፤ የከለከላትም የለም። ፍራሹ ገመዱን ሲያልፍ አንዱን ችካል መትቶ ጣለው፤ ይሻው ከጎኑ ቆሞ ነበር፤ አላነሣውም። ሁለተኛ ተመልሳ የእናቷን ሣጥን አመጣች። ሦስተኛ ሁለት ብርድ ልብስና ማሰሮ አመጣች። «እታለም፣ ሰው ምን ይላል?» አላት ይሻው በአራተኛው። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። ውዴ ወንድሟን እንዲህ ፈርቶ ስታየው አዘነችለት፤ ግን ሸክሟን አላስቀመጠችም። «ሰው የሚለውን ዛሬ ጧት ሰማሁት» አለችው። የሰባበረችውን ሊሾ ጠርጋ ወደ ደጅ ጣለች፤ ሥሮቹን አፈር አለበሰቻቸውና በማንኪያ ውኃ አጠጣቻቸው። ፍራሹን ከእነሱ ፊት ዘረጋች። ጓዳዋ ውስጥ ተሰቅለው ከቀሩት እስሮች ስድስቱን አምጥታ ከፍራሹ ሥር ትደረድር ጀመር።

ቤዛዊት በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል። ልጇን አሁንም ታቅፋለች፤ ልጅቱ ክንዷን ታካለች። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። በአንድ ግቢ ዐሥራ ሁለት ዓመት ኖረው እንዲህ ዓይን ለዓይን ተያይተው አያውቁም። ውዴ ከእስሮቹ አንዱን አንሥታ ዘረጋችላት።

«ለልጅቱ። ከፍራሹ ሥር ነው፤ ትራሱ ላይ አይደለም። ይሸታል።»

ቤዛዊት ወሰደችው። በደረቷ አስጠግታ ይዛው ቆመች።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሰሎሞን መጣ። አንድ ሻንጣ ይዟል፤ ከኋላው ተሸካሚ የተጠቀለለ ስፖንጅ ፍራሽ በራሱ ላይ አድርጎ ይከተለዋል። ደጃፉ ላይ የሊሾ ስብርባሪ፣ ውስጥ አንዲት አሮጊት፣ ሣጥንና የተዘረጋ ፍራሽ አየ። ወደ ቤዛዊት ዞረ፤ ቤዛዊት የቅጠል እስሩን በደረቷ ይዛ መሬት መሬቱን ታያለች። ወደ ይሻው ዞረ፤ ይሻው ከወደቀው ችካል አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል።

«ይቅርታ፣ እናቴ» አለ ሰሎሞን፣ «ክፍሉ ተያዘ እንዴ?»

«ተይዟል።»

«መቼ? ዛሬ ጧት እኮ ባዶ ነበር።»

«ስምንት ዓመት ሆነው» አለች ውዴ፤ የመጨረሻውን እስር ከፍራሹ ሥር ከትታ።